የሕፃናትና የታዳጊዎች የጥርስ ሕክምና ፍርሃት ልኬት፦ የጥርስ ሐኪሞች የጋራ ዕቅድ ረቂቅ (ሐኪሞቹ በሚሠሩበት ከተማ ስም ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ እሑድ ማለቅ አለበት። ዐላማው ያው ነው፤ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ ትምህርት ቤቶች ልጆች የጥርስ ሐኪምን ምን ያህል እንደሚፈሩ መለካት። መጠይቁ ካትበርትና ሜላመድ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ያወጡት ባለ 15 ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ15 እስከ 75 ይሆናል። ብዙ ጥናቶች ከ38 ጀምሮ ያለውን ከፍተኛ ፍርሃት ይሉታል። ለትርጉሙ ሁለት ሰዎች እጃቸውን አውጥተዋል።

መሐል ሜዳ፦ 14ኛው «ነጭ የለበሱ ሰዎች» ይላል። እሑድ ጠዋት መንዝ ውስጥ ነጭ ያልለበሰ ማን አለ? ልጁ የእናቱን ነጠላ ይፈራል ልንል ነው?

ሸዋ ሮቢት፦ «ጋዋን የለበሱ» በሉት፤ አለቀ።

መሐል ሜዳ፦ አላለቀም። ጋዋን መምህሩም ይለብሳል።

እነዋሪ፦ «ጋዋን የለበሱ ሐኪሞች»?

ሒሳብ ያዥ፦ ሐኪሞች 2ኛው ላይ አሉ። አንዱን ፍርሃት ሁለት ጊዜ ልትቆጥሩት ነው።

እነዋሪ፦ እንግዲያውስ ይውጣ።

ጸሐፊ፦ አንዱ ከተነቀለ ድምሩ ከ14 እስከ 70 ይሆናል። 38ን ምን ላይ ልትሰቅሉት ነው?

መሐል ሜዳ፦ ደግሞ ለትንንሾቹ የምትሞላው እናት ናት፤ ያውም ነጭ ለብሳ።

ደብረ ሲና፦ ስለ ነጠላ ስንት ቀን ሆነን? 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ሦስቱም ስለ መሰርሰሪያ ናቸው፤ መሰርሰሪያው፣ እሱን ማየት፣ ድምፁ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ልጅ መሰርሰሪያ አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ጉጠት ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ተነቅሎ ሲጮህ ሰምቷል። ስለ መንቀል አንድም ጥያቄ የለም።

ሸዋ ሮቢት፦ ደጋ ሆናችሁ ጋቢ ስለማታወልቁ ነው ክርክሩ የማያልቀው።

መሐል ሜዳ፦ ጋቢያችንን ተዉት። አምና መዋጮ ያልከፈለ ማን እንደ ነበር እንዳይወጣ።

ሸዋ ሮቢት፦ ከፍያለሁ፤ ደረሰኝ አለኝ።

ሒሳብ ያዥ፦ ከፍለዋል። ዘግይተው ነው።

ሸዋ ሮቢት፦ ስለ ጋቢው ይቅርታ።

መሐል ሜዳ፦ እኔም ስለ መዋጮው።

ጸሐፊ፦ ተርጓሚዎች፣ የት ደረሳችሁ?

እነዋሪ፦ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ነጩ የሚያስፈራ ከሆነ ለምን ጋዋናችንን አንቀይርም? ልጁ ከመጠይቅ ምን ያገኛል?

መሐል ሜዳ፦ ይህ ነው ቁም ነገር።

ሒሳብ ያዥ፦ ለማባዣ የተያዘው 12,000 ብር ነው። ጨርቅ ከተገዛበት ለወረቀት አይተርፍም።

ሸዋ ሮቢት፦ ወረቀቱ ይቆይ። ሰማያዊ ይሁን።

እነዋሪ፦ አረንጓዴ ደም አያሳይም።

ሸዋ ሮቢት፦ አረንጓዴ የቀዶ ሕክምና ነው፤ ልጁ ይብሳል።

ጸሐፊ፦ ተርጓሚዎች! ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው።

ደብረ ሲና፦ ጉጠቱስ?

ሒሳብ ያዥ፦ ልብስ ሰፊው ልክ ይፈልጋል። የደረትና የትከሻ ልካችሁን በሴንቲሜትር እስከ ዓርብ ላኩ።

መሐል ሜዳ፦ ደረት 98፣ ትከሻ 46። ሰማያዊ።

ደብረ ሲና፦ 104፣ 48።