12 ቮልት፣ 0.7 ኦም፣ 205 ዋት? አምፖሉ ላይ ግን 21 ነው የተጻፈው

ሽቦ ለቃሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከአንድ አምፖል ጋር ተፋጥጫለሁ። የመኪና ፍሬቻ ነው፤ የናስ መቀመጫው ላይ «12 ቮልት 21 ዋት» ይላል። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ከናሱ ጎን፣ ሌላውን ከሥሩ ካለችው የብየዳ ጠብታ ላይ ሳስነካ 0.7 ኦም አነበበልኝ። ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ (ዕቃው ለከረንት ላለው ተቃውሞ፣ በኦም የሚለካው) ሲካፈል ከረንት ነው፦ 12 ÷ 0.7 = 17.1 አምፔር። ቮልቴጅ በከረንት ሲባዛ ፓወር ነው፦ 12 × 17.1 = 205 ዋት። ከተጻፈው አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! ስሌቱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። መልቲሜትሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ የሳትኩት ነገር አለ? ቀመሩን መሸምደድ ሳይሆን እንዲገባኝ ነው የምፈልገው።

ፊውዝ፦
መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ አነካካቸው። ዜሮ ካላለ የሽቦዎቹ የራሳቸው ሬዚስታንስ ነውና ከንባቡ ላይ ቀንሰው።

ሽቦ ለቃሚ፦
0.2 ይላል። እንግዲህ አምፖሉ 0.5 ሆነ ማለት ነው። ግን ባሰበት እኮ! አሁን 24 አምፔርና 288 ዋት መጣ።

የቆየ ኤሌክትሪሻን፦
ወንድሜ፣ መልቲሜትርህም ማካፈልህም ደህና ናቸው። የለካኸው የጠፋውን አምፖል ነው፤ 21 ዋት የተጻፈው ግን ስለበራው ነው። በውስጡ ያለችው ክር ታንግስተን ናት። ስትበራ 2500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ትደርሳለች፤ ብረት ደግሞ ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የታንግስተን ጭማሪ በየዲግሪው የቀዝቃዛው ሬዚስታንስ 0.0045 ያህል ነው። ለ2500 ዲግሪ አስላው፦ 1 + 0.0045 × 2500 = 12.25። ያንተ 0.5 ኦም በዚህ ሲባዛ ከ6 ኦም ያልፋል። ይህ ቀመር በዚህን ያህል ሙቀት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይገምታል፣ ስለዚህ ስትለካው 7 አካባቢ ብታገኝ አይግረምህ።

ያገኘኸው 24 አምፔርም ከንቱ ቁጥር አይደለም። ማብሪያውን በተጫንክባት ቅጽበት፣ ክሯ ገና ቀዝቃዛ ሳለች፣ ወደዚያ የሚጠጋ ከረንት ይሮጣል። ከዚያ ክሯ ትግልና በዓይን ጥቅሻ ይወርዳል። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ማብሪያው ሲጫን የሚቃጠለውም ለዚህ ነው።

እባክህ ሬዚስታንሱን በኦም መለኪያ አትፈልገው። አምፖሉን አብራና ቮልቴጁንና ከረንቱን እየሠራ ሳለ ለካ። ለከረንት ቀዩን ሽቦ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ አዛውር፣ ከዚያ ከባትሪው ወደ አምፖሉ የሚሄደውን አንዱን ሽቦ ቆርጠህ መልቲሜትሩን መሃል አስገባ። በዚህ አቀማመጥ ሳለ ሁለቱን ጫፎች በቀጥታ የባትሪው ፖሎች ላይ እንዳታሳርፍ! ሾርት ነው የምታደርገው፤ ሽቦው ይቀልጣል፣ እጅህንም ያቃጥልሃል። ቮልቴጁን ስትለካ ደግሞ ቀዩን ወደ ቦታው መልስና ከአምፖሉ እግር ላይ ለካ፤ በሽቦው ላይ የሚጠፋ ቮልቴጅ አለና ከባትሪው ላይ አትውሰደው።

የፊዚክስ መምህርት፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያምታቱት ስለሆነ ነው። ሬዚስታንስ ማለት ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ማለት ነው፤ ይህ ለየትኛውም ዕቃ፣ በየትኛዋም ቅጽበት ይሠራል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው ሕግ ግን ከዚህ ያልፋል፦ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱም እጥፍ ይሆናል፣ ሲካፈሉ የሚገኘው ሬዚስታንስ አይለወጥም ነው የሚለው። ይህ የሚሆነው የብረቱ ሙቀት ካልተለወጠ ነው። ሕጉን በትክክል ማየት ከፈለግክ 1000 ኦም ሬዚስተርና 9 ቮልት ባትሪ ይበቃሃል። 9 ሚሊአምፔር ታገኛለህ፣ ፓወሩ 0.081 ዋት ስለሆነ ሬዚስተሩ አይግልም። ሩብ ዋት ብቻ በሚችል 100 ኦም ሬዚስተር ግን ከ5 ቮልት አትለፍ፤ በ12 ቮልት 1.44 ዋት ስለሚሆን ይጨሳል።

ሽቦ ለቃሚ፦
ለካሁት! ከአምፖሉ እግር ላይ 12.2 ቮልት፣ በሽቦው መሃል 1.76 አምፔር። ሲካፈል 6.93 ኦም፣ ሲባዛ 21.5 ዋት። የተጻፈውን ቁጥር በእጄ ሳገኘው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መምህርት፣ ሕጉን ያልሽው ገብቶኝ ስለነበር ባለ 6 ቮልት ባትሪ ላይም ሞከርኩት። 6.93 ኦሙ ካልተለወጠ በ5.9 ቮልት 0.85 አምፔር መሆን ነበረበት። መልቲሜትሩ ግን 1.18 አለ! ሬዚስታንሱ 5 ኦም ሆኗል፣ ፓወሩም 7 ዋት። ብርሃኗ ቀይ ብርቱካናማ ነበረች፣ ያን ያህል አልጋለችም ማለት ነው።

የቆየ ኤሌክትሪሻን፦
በትክክል። አሁን ሦስት ነጥብ አለህ፦ ስትጠፋ 0.5፣ ደብዝዛ ስትበራ 5፣ በሙሉ ብርሃኗ 6.93። የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ ካገኘህ ከ1 ቮልት ጀምረህ አንድ አንድ ቮልት እየጨመርክ ለካና በግራፍ ወረቀት ላይ አስፍረው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ፣ ንባቡ ሲረጋ ጻፍ።