ቦይለር ያንጠባጥባል፣ ይንጎደጎዳል፣ ብሬከር ይጥላል! ቫልቯን ላስደፍናት?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም የባህር ዳር ልጆች። ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ 80 ሊትር ቦይለር አለን፣ ሰሞኑን ጸባዩ ተቀየረ። ገና ሲበራ ከውስጡ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል፣ ከስር ካለችው ትንሽዬ ቫልቭ ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለ፣ አንዳንዴ ብሬከር ይጥልና ቤቱ ድርግም ይላል፣ እኛ መብራት ሄደ ብለን ሻማ ስንፈልግ የጎረቤት ቲቪ ሲጮህ ይሰማናል። ቧንቧ ሰራተኛ ጠርቼ ቫልቯ አርጅታለች በፕለግ ልድፈናት አለኝ፣ ነገ ይመጣል። ይድፈናት ወይስ ምን ትላላችሁ?

ጣና ዳር፦
ባህር ዳር ላይ ደሞ ቦይለር ሃሃሃ፣ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት ሮቶው ራሱ ሙቅ ውሃ ያወርድልህ የለ እንዴ፣ ነቅለህ ሽጠው

ጋሽ ቮልት፦
ኧረ በስማም! እንዳታስደፍናት። ሰውዬውን ደውለህ አስቀረው።

ስማኝ፣ ያቺ ሴፍቲ ቫልቭ ናት። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፣ 80 ሊትር ከቀዝቃዛ ተነስቶ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል፣ ቫልቯ ደግሞ ውሃ ወደኋላ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ስለምትይዝ ትርፉ መውጫ የለውም፣ ስለዚህ ግፊቱ በብዛት 8 ባር ላይ ሲደርስ ራሷ ታንጠባጥበዋለች። ሲሞቅ ብቻ ጠብ የምትል ከሆነ ስራዋን እየሰራች ነው። ጠፍቶ አድሮም ካንጠባጠበች ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወይ አሸዋ ገብቶባታል ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ቤትህ ከሮቶ ነው የሚጠጣው ወይስ ቀጥታ ከመስመር? ከሮቶ ከሆነ ግፊቱን እርሳው፣ ታንከሩ 10 ሜትር ከፍ ቢል እንኳ 1 ባር ቢሆን ነው። ከመስመር ከሆነ ግን ሌሊት ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይጨምራል።

መንጎድጎዱ የካልሲየም ነው። የከተማችን ውሃ በአብዛኛው ከምንጭና ከጉድጓድ የሚመጣ ነው፣ ማዕድኑ ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ላይ እየተጋገረ ይከማቻል፣ ከቅርፊቱ ስር የተያዘው ውሃ እየፈላ ሲፈነዳ ነው የምትሰማው። ማንቆርቆሪያህን ውስጡን እየው፣ ነጭ ከሆነ ቦይለሩም እንደዛው ነው።

ብሬከሩን በተመለከተ፣ የሚጥለው ምጣድ ሲጣድ ነው ወይስ ብቻውንም? 2000 ዋት ቦይለር ወደ 9 አምፔር ይወስዳል፣ ምጣዱ 3500 ከሆነ አንድ ላይ 25 አምፔር ነው፣ ዋናው ብሬከር ቢጥል አይፈረድበትም። ብቻውን በርቶም ከጣለ ግን ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ ወደ ቦዲው እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። እስኪታይ ድረስ በርቶ ሳለ ማንም ስሩ ገብቶ እንዳይታጠብ! ልጆቹን በተለይ። ብሬከሩን አጥፋ፣ ክዳኑን ክፈት፣ ገመዶቹን ከሬዚስታንሱ ንቀል፣ በቴስተር በሬዚስታንሱ ጫፍና በቦዲው መሃል ለካ፣ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ይቀየር። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ) መኖሩንም እግረ መንገድህን አሳይ፣ ብዙ ቤት ሽቦው አለ ግን የትም አልታሰረም።

ግሽ ዓባይ ኒውዮርክ፦
የጋሽ ቮልትን ላጠናክር። እኔ እዚህ የምሰራው ፎቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ ቤቱ የሚሞቀው በስቲም ነው፣ ማለት ቦይለሩ ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱ በቧንቧ እየወጣ በየክፍሉ ያለውን ራዲያተር ያሞቃል፣ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ተመልሶ ይወርዳል። ግፊቱ ሲታይ ምንም አይደለም፣ ከ2 ፒኤስአይ (የዚህ አገር የግፊት መለኪያ) በታች ነው የምናሰራው፣ እንዲያም ሆኖ 15 ላይ የሚከፈት ሴፍቲ ቫልቭ አለው፣ ከቫልቩ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ቧንቧ መዝጊያ ማድረግ ክልክል ነው። ውሃው ካነሰ እሳቱን የሚያጠፋ መሳሪያም አለ፣ ዝቃጭ እንዳይደፍነው በየሳምንቱ ውሃ እያፈሰስኩ አጥበዋለሁ፣ የውሃውን ልክ የምታሳየውን መስታወት ካላየሁ አልወጣም።

ባህር ዳር ከፍታው 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ክፍት ድስት 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል አይደል? የተዘጋ ታንክ ግን ቴርሞስታቱ (ሙቀቱ ሲበቃ የሚያጠፋው) ተጣብቆ ከቀረና ቫልቩ ከተደፈነ ከ100 በላይ ሄዶም ሳይፈላ ግፊት ያጠራቅማል፣ ብረቱ የተሰነጠቀ ቀን ነው በአንዴ እንፋሎት የሚሆነው። 1 ሊትር ውሃ ከ1600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። የብሎኬት ግድግዳ አይችለውም።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሰውዬውን ቀጥ አድርጌዋለሁ። ከሮቶ ነው የምንጠጣው፣ ጠፍቶ ሲያድር ስሯ ደረቅ ነው። ብሬከሩ ግን ምጣድ ሳይጣድም ጥሏል፣ ስለዚህ አጥፍተነዋል፣ ውሃ በከሰል እያሞቅን ነው። ሬዚስታንሱ ሲፈታ ካልሲየሙን በምን ላስለቅቀው? የሚንጠባጠበውስ ወለሉን አበላሸው

ጋሽ ቮልት፦
የተሰነጠቀ ከሆነ አታጥበው፣ አዲስ ግዛ፣ ጋስኬቱንም አብረህ። ታንኩ ውስጥ የተከማቸውን ግን በእጅህ አውጣ፣ የቀረውን በአቼቶ አሳድረው። ማግኒዚየም ዘንጓን እያት፣ ታንኩ እንዳይዝግ እሷ ናት በፈንታው የምትበላው፣ ሽቦዋ ብቻ ከቀረ ቀይራት። ስትገጥም ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ሙላው፣ የሙቁ ቧንቧ ያለ አየር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ነው ብሬከር የሚነሳው፣ ባዶውን ካበራኸው አዲሱም ወዲያው ይቃጠላል። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣም እንደዛው።

ለጠብታው ቀጭን ጎማ ቫልቯ አፍ ላይ አስገባና ቁልቁል ወደ ፍሳሹ አውርደው፣ ጫፉ ክፍት ይሁን፣ ውሃ ውስጥ አይነከር። በወር አንዴ ማንሻዋን ከፍ አድርገህ ልቀቃት፣ ሙቅ ነው እጅህን ጠብቅ።