ከዜድ ድራይቭ ላይ ፎልደር ጠፋ፣ ሪሳይክል ቢን ውስጥም የለም

ጸሐፊዋ ከጅማ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ውስጥ አንድ ግቢ የትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነኝ። በጸሐፊነት 11 ዓመቴ ነው፤ እዚህ ክፍል ግን አራት። ኮምፒውተር የለመድኩት እየሠራሁ ነው፤ ስለዚህ ስትመልሱልኝ ቀስ ብላችሁ አስረዱኝ።

ቢሯችን ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ «ዜድ» የሚባል ድራይቭ አለ። ፋይሎቹ የሚቀመጡበት የጋራ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። እኔም፣ ሄዱም (የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ)፣ መምህራኑም ከየቦታችን እንከፍተዋለን። እዚያ ውስጥ የቃለ ጉባኤ ፎልደር ነበረን። የአራት ዓመት ስብሰባ፣ የውጤት ማስተካከያ ውሳኔ፣ የመልሶ ቅበላ፣ ሁሉም እሱ ውስጥ ነው። ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ጽፌ ዘግቼ ወጣሁ። ረቡዕ ጠዋት ስገባ ፎልደሩ የለም። ሌሎቹ ፎልደሮች ሁሉ በቦታቸው ናቸው። እሱ ብቻ!

ማክሰኞ ማታ የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ መብራት ሁለቴ ሄዶ መጣ። እሱ ይሆን ያጠፋው? ሪሳይክል ቢን፣ የተደለተ ነገር የሚጠራቀምበትን ቅርጫት፣ ከፈትኩ፤ ያለው ዴስክቶፔ ላይ የነበረ የልጄ ፎቶ ብቻ ነው። መፈለጊያው ላይ «ቃለ ጉባኤ» ብዬ ጻፍኩ። አረንጓዴው መስመር ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ ሲንፏቀቅ ቆየና «ምንም የለም» አለኝ።

የሚመለከታቸው ክፍል ደወልኩ። «በደብዳቤ ጠይቂ» አሉኝ። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ፣ መዝገብ ላይ የማሰፍረው እኔ፣ ይዤ የምሄደውም እኔ ነኝ። ዓርብ አንድ የሚመረቅ ልጅ ቃለ ጉባኤው ካልተገኘለት ውጤቱ አይስተካከልለትም። ማን እንደነካው እንዳላጣራ ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስምና በአንድ ፓስዎርድ ነው፤ ሞኒተሩ ላይ በቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ምን ላድርግ?

ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት፦
የፍላሽ ቫይረስ ነው። ያ ፎልደሩን ደብቆ ሾርትከት የሚያስቀምጠው። እኔን የመመረቂያ ጽሑፌን ምዕራፍ ሦስት በልቶኛል። ስካን አድርጊ።

ኬብል ጎታች፦
እህቴ አይዞሽ። እኔም ሌላ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ነው የምሠራው። እንዲህ ተብሎ በወር ሁለት ሦስቴ ይደወልልኛል።

መጀመሪያ መብራቱን ነፃ እናውጣው። መብራት ሲሄድ የሚጎዳው ክፍት የነበረ ፋይል ነው። ከሃያ ፎልደር መሀል አንዱን መርጦ አይወስድም። ቫይረሱም ቢሆን በቦታው ሾርትከት ይተው ነበር፤ አንቺ ግን ምንም የለም ነው ያልሽው።

ሪሳይክል ቢን ውስጥ ያጣሽው ደግሞ ቅርጫቱ የኮምፒውተርሽ ስለሆነ ነው። የራስሽ ዲስክ ላይ ያለውን ነው የሚሰበስበው። ከሰርቨር ላይ የተደለተ በቅርጫቱ አያልፍም፣ በቀጥታ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ «ባጠፋውም ከቅርጫት አወጣዋለሁ» ብሎ ይደልታል።

አሁን ሁለት ነገር አድርጊ። ፎልደሩ የነበረበትን ዋናውን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ፕሪቪየስ ቨርዥንስ። ሰርቨራችሁ ላይ ሻዶው ኮፒ (ፎልደሮቹ በዚያ ሰዓት የነበሩበትን መልክ የሚያስቀምጥ) ተከፍቶ ከሆነ የቀንና የሰዓት ዝርዝር ይመጣልሻል። ዊንዶውስ ሰርቨር ማንም ካልነካካው ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት 1 ሰዓትና ቀን 6 ሰዓት ላይ ያነሳዋል። 64 ያህል ይይዛል፣ ቦታ ካለው የስድስት ሳምንት ማለት ነው። አንቺ የጻፍሽው 11 ሰዓት ስለሆነ የማክሰኞ ስድስት ሰዓቱ ላይ የመጨረሻው አይኖርም፤ የረቡዕ ጠዋቱን እይው።

ስታገኚ «ሪስቶር» የሚለውን እንዳትነኪ! እሱ ዋናውን ፎልደር በሙሉ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ መምህራኑ ከዚያ ወዲህ ያረሙትን በአሮጌው ይተካባቸዋል። ያኔ ዓርብን አትደርሺም። «ኦፕን» በይና የራስሽን ፎልደር ብቻ ኮፒ አድርገሽ አውጪ።

ሁለተኛው፣ እኔ የምጠረጥረው፣ ፎልደሩ አልጠፋም። ሰው ማውስ ሲይዝ እጁ ይንሸራተትና አንዱን ፎልደር ጎትቶ ጎረቤቱ ውስጥ ይጥለዋል። ድምፅ የለውም፣ ጥያቄ አይጠይቅም። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ከፍተሽ እይ።

የቀድሞ መምህር፦
ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የዜድ ነገር ግን አሁንም ያናድደኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎልደሩን የሰየምሽው አንቺ ነሽ? «ጉባኤ» ነው ወይስ «ጉባዔ»? ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ኤ እና ዔ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሰነድን በእሳቱ ሰ ስትፈልጊ፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈውን አያመጣልሽም። አመትና ዓመት፣ ፀሐፊና ጸሐፊ፣ እንደዚያው። እኔ ስፈልግ መንታ የሌላቸውን ፊደላት ብቻ ነበር የምጽፈው፣ ከፊትም ከኋላም ኮከብ (*) አድርጌ።

ሌላው ዓመተ ምሕረቱ ነው። እኛ ጋ «2016» የሚል ፎልደር ነበር። ግማሹ የኛው 2016፣ ግማሹ አንድ ውጭ ተምሮ የመጣ ባልደረባችን ያስገባው የፈረንጆቹ 2016። ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት በአንድ ፎልደር! ለይተን «ዓ/ም» እንጻፍበት ስንል ደግሞ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ያንን ዘንባላ መስመር አይቀበልም። ስለዚህ መ/ር፣ ወ/ሮ፣ ት/ክፍል፣ ሁሉም እምቢ። የእኛ ቢሮ አማርኛ ያለዚያች መስመር ደግሞ አይሆንለትም።

ጸሐፊዋ ከጅማ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! ፎልደሩን የከፈተችው ከእኔ በፊት የነበረችው ጸሐፊ ናት። በዔ ነበር የጻፈችው። አራት ዓመት ሙሉ በዓይኔ እያየሁ ፊደሉን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ጉባ» ብቻ ብዬ በሁለቱም በኩል ኮከብ አደረግኩ። ወጣ። የት እንደነበር ታውቃላችሁ? «የላብራቶሪ ዕቃ ግዢ» የሚለው ውስጥ። ከላዩ ያለው ጎረቤቱ ነው። ኬብል ጎታች እንዳልከው ተንሸራቶ ነው የገባው። ማን እንደሆነ እኔ በልቤ ገምቻለሁ፤ ግን ሁላችንም አንድ ስም ስለሆንን ሰርቨሩን ቢጠይቁት «እናንተው» ነው የሚለው። የማክሰኞ 11 ሰዓቱ ጽሑፍም አለ።

ፕሪቪየስ ቨርዥንስንም አየሁት። የእኛ ላይ ባዶ ነው፣ ምንም ዝርዝር የለም። በእውነት ተደልቶ ቢሆን ኖሮስ? ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ወደፊት እንዳይደገም ምን ይደረጋል?

ኬብል ጎታች፦
እንኳን ደስ አለሽ። ባዶ ከሆነ ሻዶው ኮፒው አልተከፈተም ማለት ነው፣ ወይም ሰርቨሩ ሌላ ዓይነት ነው። አይቀር ደብዳቤ ስትጽፊ ሦስት ነገር ጠይቂ። ለየሰዉ የየራሱ መግቢያ ስም። ቃለ ጉባኤው ላይ አንቺና ሄዱ ብቻ መጻፍ እንድትችሉ፣ ሌላው እንዲያነብ ብቻ። እንዲሁም ሻዶው ኮፒው እንዲከፈት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተፈቀዱልሽ ሌላ ሰው ጎትቶ አይወስድብሽም፤ የመጻፍ ፈቃድ የሌለው ሰው ቢስበው ዊንዶውስ ይከለክለዋል።

ሻዶው ኮፒ ግን ባክአፕ አይደለም። እዚያው ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ዲስኩ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ዓርብ ዓርብ አንድ ኮፒ በኤክስተርናል ዲስክ ያዢ። ቢጫ ወረቀቷንም አንሺያት።

ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት፦
ቫይረስ ባይሆንም ስካን ማድረጉ አይከፋም ለማለት ነው 😅

ጸሐፊዋ ከጅማ፦
ወረቀቷን አንስቻለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰው «ፓስዎርዱ ምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ፣ የሄዱ ፊርማ ነው የቀረው። ኤክስተርናል ዲስክ በግዢ እስኪመጣ ድረስ በራሴ ፍላሽ ገልብጬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ልጁም ቃለ ጉባኤውን ይዞ ሬጅስትራር ሄዷል። በሩ ላይ ክሊራንስ የያዙ ሰባት ተማሪዎች ቆመዋል፤ ልነሳ።