የ230 ግራይንደር አርሜቸር (የሞተሩን የሚዞር ባለ ሽቦ ክፍል) ላስጠቅል ወይስ አዲስ ማሽን ልግዛ?

ባለሙያዎች፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። ማሽኑ 2200 ዋት፣ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚገጠምለት የቆየ ግራይንደር ነው። ባዶውን ጥሩ ይዞራል። ብረት ሲነካ ግን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ካርቦኑ ሥር ያለው ብልጭታ ኮሚውቴተሩን (ካርቦኑ የሚነካውን፣ አርሜቸሩ ላይ ያለውን የመዳብ ቀለበት) ዙሪያውን ይከበዋል፣ የተቃጠለ ቫርኒሽም ይሸታል።

ካርቦኑ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶት ስለነበር ጥንዱን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሁለቱ የፊልድ ጥቅሎች (የማይዞሩት) በቴስተር እኩል ያነባሉ። ከኮሚውቴተሩ ወደ ዘንጉም የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም። ችግሩ የታየው የኮሚውቴተሩን የመዳብ ንጣፎች ጎን ለጎን በቴስተር ስለካ ነው፦ ሌሎቹ 0.2 ኦም ገደማ፣ አንዱ ጥንድ ግን 7 ኦም! የእነዚሁ ጠርዝ ጠቁሯል። ስለዚህ አንድ ጥቅል ተበጥሷል፤ ከዚህ በኋላ ካርቦን መቀያየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሽቦው የተበጠሰው ንጣፉ ላይ ከሚታሰርበት መንጠቆ ከሆነ በብየዳ ይድናል? የእርሳስና ቆርቆሮው ብየዳ 183 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ ዲስኩ በደቂቃ 6500 ዙር ሲዞር አርሜቸሩ ደግሞ በማርሹ ምክንያት ከዚያ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚሽከረከር፣ ተረጭቶ የሚያልቅ ይመስለኛል።

ለማስጠቅለል የተጠየቅኩት የአዲስ ማሽን ዋጋ ሲሶ ያህል ነው፤ ባላንስ ግን አይሠሩም። ባላንስ ያልተደረገ አርሜቸር ደህና ያሉትን ኩሽኔታዎች ቶሎ አይበላቸውም? የማርሹ ጥርሶችም ትንሽ መላወስ ጀምረዋል።

ሙሉ አርሜቸር ገዝቶ መግጠምስ? የዘንጉን ርዝመት፣ የንጣፎቹን ብዛት፣ የአርሜቸሩን ብረት ዲያሜትርና የማርሹን ጥርስ ቁጥር ይዤ ብሄድ ይበቃል ወይስ ሌላ መለካት ያለብኝ አለ?