በመናኸሪያ በረንዳ የሚያድርን ልጅ ያለ ልደት ምስክር ወረቀት ትምህርት ቤት ማስገባት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የቃሊቲ ነዋሪ፣ ነሐሴ 14

ጤና ይስጥልኝ። በቃሊቲ መናኸሪያ አቅራቢያ አነስተኛ የሻይና የዳቦ ቤት አለኝ። ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ አንድ ልጅ ሌሊቱን በሱቄ በረንዳ ላይ ካርቶን አንጥፎ፣ ጆንያ ለብሶ ያድራል። ዕድሜውን ሲጠየቅ አንድ ጊዜ 11፣ ሌላ ጊዜ 13 ይላል፤ እንዲህ የሚለው ለመዋሸት ሳይሆን መቼ እንደ ተወለደ ቁርጡን የነገረው ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። ቀን ቀን ባዶ የውኃ ፕላስቲክ እየለቀመ በኪሎ ይሸጣል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከምግብ ቤት የተረፈውን ቡሌ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። አባቱ እንደሞተ፣ እናቱ በወላይታ ቦዲቲ አካባቢ እንደምትኖርና ትምህርቱን ከሦስተኛ ክፍል እንዳቋረጠ ነግሮኛል።

በሐምሌ አንድ ሌሊት ሳል ጸንቶበት ስላገኘሁት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ካርድ ሲወጣለት የአባቱን ስም ተጠየቅሁ፤ ልጁ ትኩሳት ስለነበረበት መልስ መስጠት አልቻለም፣ እኔም ተደናግጬ የባለቤቴን ስም ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ልጅ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። በአካባቢያችን ወዳለ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ብጠይቅ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ መሸኛ እንዳመጣ ተነገረኝ። ለልደት ምስክር ወረቀቱ ብሄድ ደግሞ የወላጆቹን መታወቂያ ተጠየቅሁ። ልጁን ስለ እናቱ ስጠይቀው «አልመለስም» ከማለት በቀር ምክንያቱን አይናገርም።

ጎረቤቴ ለበጎ አስባ፣ እንደ ወለድኩት አድርጌ በእኔና በባለቤቴ ስም እንዳስመዘግበው መክራኛለች። ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ስለቀሩ ምክሩ እያጓጓኝ ነው፤ ነገር ግን ልቤ አልተቀበለውም። የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1፦ የሕግ ባለሙያ

እህቴ፣ ልብዎ ያልተቀበለው በምክንያት ነውና የጎረቤትዎን ምክር እንዳይከተሉ አደራ እላለሁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቶ ማስመዝገብን ያስቀጣል፤ እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ በእርስዎ ላይ የሚደርሰው ቅጣት ሳይሆን ልጁ የሚያጣው ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት አለው ካለ በኋላ፣ ወዲያው አስከትሎ ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በእርስዎ ስም ቢመዘገብ የመጀመሪያውን ሰጥተው ሁለተኛውን ይነጥቁታል። እናቱ ነገ ፈልጋው ብትመጣ በመዝገብ ላይ ልጇ አይደለም፤ ከሟች አባቱ የቀረ የእርሻ መሬት ካለም ለመውረስ ሲጠይቅ የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ይገኛል።

ልደትን የማስመዝገብ ግዴታ በቅድሚያ የወላጆች ነው፤ ወላጆች ከሌሉ የአሳዳሪው፣ አሳዳሪም ከሌለ ሕፃኑን ተቀብሎ የያዘው ሰው ነው። እናቱ በሕይወት እስካለች ድረስ መንገዱ በእርሷ በኩል ያልፋል። እርሷ ጨርሶ ካልተገኘች ወይም ልጁን ለማሳደግ የማትችል መሆኗ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤት በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት አሳዳሪ ሊሾምለት ይችላል፤ ያን ጊዜ እርስዎም በራስዎ ስም፣ በእውነተኛ ማንነትዎ አመልካች መሆን ይችላሉ። ልጁ እስካሁን ሳይመዘገብ መቅረቱንም የእናቱ ቸልተኝነት አድርገው አይዩት። በሀገራችን መደበኛው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ከዚያ በፊት ሳይወለድ አልቀረም።

አንዳንድ ሰዎች «ፋይዳ ካወጣ ምን ቀረው?» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጠው ይህ ባለ 12 አኃዝ የዲጂታል መታወቂያ ቁጥር ጠቃሚ ነው፣ ሰነድ የሌለው ሰውም በምስክር የሚመዘገብበት መንገድ ተበጅቶለታል። ሆኖም ፋይዳ የሰውየውን ማንነት ያረጋግጣል እንጂ የማን ልጅ እንደሆነና የት እንደተወለደ አይመሰክርም፣ ዜግነትንም አያረጋግጥም። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀትን አይተካም።

የጠያቂዋ መልስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሬቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። በራሴ ስም የማስመዝገቡን ሐሳብ ትቼዋለሁ። የቀረኝ ጭንቀት ወረቀቱ እስኪገኝ ድረስ ልጁ ሌላ አንድ ዓመት እንዳያልፈው ነው።

መልስ 2፦ በአስኮ ያደግሁ

እኔ ራሴ ከ9 ዓመቴ እስከ 14 ዓመቴ በአስኮ አካባቢ ጎዳና ላይ ስላደግሁ፣ ስለ ወረቀት ከሚያውቁት ሰዎች ሌላ የምጨምረው ነገር አለኝ። እኔን ሦስት ጊዜ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ሦስት ጊዜም አቋርጫለሁ። ያቋረጥኩት ትምህርት ስለጠላሁ አልነበረም። ቀን ተማሪ ሆኜ ብውልም ሌሊት ወደዚያው በረንዳ እመለስ ነበር። ዝናብ ደብተሬን ያበሰብሰዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ታላላቆቹ ልጆች ለእሳት አነደዱት። እነዚህ ታላላቆች ቀን የሠራነውን ማታ ይቀበሉናል፣ እንቢ ያለ ይደበደባል። ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ የሚሰጣቸው ገንዘብ ስለማይኖረው የመጀመሪያው ተደብዳቢ እርሱ ነው። ብርዱንና ዱላውን ለመርሳት ማስቲሽ የሚስበውም በዚያው ሰዓት ነው፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል።

ስለዚህ እህቴ፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት ወይም ቢያንስ ከእርሱ ጋር አብሮ የሌሊቱ ነገር ይታሰብ። ማታ ማታ ገንዘቡን የሚቀበለው ሰው መኖሩን በቀስታ ይጠይቁት፤ በሌሎች ልጆች ፊት ግን ፈጽሞ አይጠይቁት። ደብተሩንና የደንብ ልብሱን በሱቅዎ ውስጥ ቢያስቀምጡለት ለእርስዎ አንድ መደርደሪያ ነው፣ ለእርሱ ግን ትምህርቱ የሚቀጥልበት ወይም የሚቋረጥበት ነገር ነው። እኔ በአራተኛው ሙከራ የጸናሁት አንዲት እንጀራ ሻጭ እናት ቦርሳዬን እየተቀበሉ ማታ ስለሚያስቀምጡልኝና ጓዳቸው ጥግ ላይ ስላስተኙኝ ነው።

«አልመለስም» ያለውንም ቃል እንደ መጨረሻ ቃሉ አይውሰዱት። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ከቤት ስወጣ ሠርቼ እንደምልክ ተናግሬ ነበርና ባዶ እጄን እናቴ ፊት መቆም ከብርዱ ይልቅ ይከብደኝ ነበር።

መልስ 3፦ መምህርት፣ ከአቃቂ

ልጁን ሲመዘግቡ ወይም ሲያስፈትኑ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በወላይታ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚጀመረው በወላይትኛ ነው፤ ወላይትኛም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ባለፈው ዓመት ከዚያ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ የአማርኛ መጽሐፍ ተሰጥቶት ማንበብ ስላልቻለ «ምንም አያውቅም» ተብሎ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ሊመደብ ነበር። እኔ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼ በሚያውቀው ፊደል እንዲጽፍ ስጠይቀው ስሙንና የሰፈሩን ስም አሳምሮ ጻፈ፤ ማባዛትና ማካፈልም ይችል ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ደግነቱ ሳይመደብ ደረስንበት። የእርስዎ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ከነበረ በራሱ ቋንቋና በሒሳብ እንዲፈተን አጥብቀው ይጠይቁ። ለዕድሜው ከሚመጥነው ክፍል በጣም ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ የአንደኛ ደረጃውን የመጀመሪያ ክፍሎች ባጠረ ጊዜ የሚያስጨርሰው አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት በአቅራቢያችሁ ይሰጥ እንደሆነ ወረዳውን ይጠይቁ።

እኛ ትምህርት ቤት ሰነድ የሌለው ልጅ ሲመጣ ከወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በተጻፈ ደብዳቤ በጊዜያዊነት ተቀብለን ሰነዱን በኋላ እንጠብቃለን። ሁሉም ርእሰ መምህር እንዲህ ያደርጋል ማለት ባልችልም ደብዳቤ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ይከብዳል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር በከተማው አስተዳደር ስለሚቀርብ አንዴ ከገባ በኋላ ወጪው ብዙም አያስጨንቅዎትም።

መልስ 4፦ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ሁሉ የሚያልፉት በዚያ ደብዳቤ በኩል ስለሆነ እርሱን ለማግኘት የሚረዳዎትን ልንገርዎት። ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ «የልደት ካርድ ስጡኝ» አይበሉ፤ «ከወላጅ የተለየ ሕፃን አግኝቻለሁና ጉዳዩ ይመዝገብልኝ» ይበሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰነድ አምጪ የሚል መልስ ያመጣል፣ ሁለተኛው ግን ጽሕፈት ቤቱን ሥራ ያስጀምረዋል፤ የልጁ ሁኔታ ይጠናል፣ በጊዜያዊነት የሚያርፍበት ቦታ ይፈለጋል፣ እናቱ ወዳለችበት ዞን ደብዳቤ ይጻፋል። ወላይታ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለሆነች ደብዳቤው በቀድሞው ክልል አድራሻ እንዳይጻፍ ያስተውሉ፤ በዚህ ምክንያት ሲንከራተት የቆየ ጉዳይ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጁ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ደላላ «አስተምርልሻለሁ» ብሎ ከእናቱ ተቀብሎ ያመጣው ከሆነና ጉልበቱን ሲበዘብዘው የቆየ ከሆነ፣ ጉዳዩ በሰው የመነገድ ወንጀልን በሚመለከተው በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሊታይ ይችላልና ለፖሊስ የሕፃናትና ሴቶች ክፍል መነገር አለበት። እርስዎ ግን መርማሪ አይሁኑ። የልጁን ፎቶግራፍ «ወላጅ የሚያውቅ» ብለው በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም አይልቀቁ፤ ፎቶውን መጀመሪያ የሚያየው እናቱ ሳትሆን የሸሸው ሰው ሊሆን ይችላል።

አሁን ያለንበት ወቅት ደግሞ ለእርስዎ የተመቸ ነው። በመስከረም የወላይታ የዘመን መለወጫ ጊፋታ ስለሚከበር በአዲስ አበባ ሊስትሮ የሚሠሩና ሸክም የሚሸከሙ የአካባቢው ልጆችና ወጣቶች ወደ ቤታቸው ይጓዛሉ። በመናኸሪያው ዙሪያ ካሉት ሊስትሮዎች የቦዲቲ ልጅ ይፈልጉ፤ አንዱ የእናቲቱን ጎረቤት ሳያውቅ አይቀርም፣ ስልክም ይኖረዋል። ነገር ግን እናቲቱ ስለተገኘች ብቻ ልጁን አውቶቡስ ላይ አሳፍረው አይላኩት። ከቤት ያስወጣው ነገር ምን እንደሆነና አሁንም እንዳለ ሳይጣራ የተላከ ልጅ ብዙውን ጊዜ በሚቀጥለው ወር እዚያው በረንዳ ላይ ይገኛል። ልጁ እናቱ ጋር የማይቆይበት ምክንያት ቢኖር እንኳ እናቱ ቀርባ ማን እንደሆነ መናገሯ ለሰነዱ ይጠቅመዋል።

የጠያቂዋ መልስ፣ መስከረም 9

የሆነውን ላሳውቃችሁ ይገባል። በተነገረኝ መሠረት ወረዳው ዘንድ ሄጄ «ከወላጅ የተለየ ሕፃን» ብዬ አመለከትኩ፤ ሁለት ቀን ብመላለስም ጉዳዩ ተመዝግቦ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ልጁ በሒሳብና በራሱ ቋንቋ ተፈትኖ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል። ገንዘቡን ማታ ማታ የሚቀበለው ጎረምሳ እንደነበረ በመጨረሻ ነገረኝ፤ ይህንንም ለፖሊስ አስታውቄአለሁ። ከወረዳው ጋር ተነጋግረን ለጊዜው በሱቄ ጓዳ ከምትኖረው አክስቴ ጋር እንዲያድር ተስማምተናል፣ የወረዳው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም በየሳምንቱ መጥታ ታየዋለች።

እናቱን ያገኘናት በአንድ ሊስትሮ ስልክ ነው። መጀመሪያ ልጁ ሊያናግራት አልፈለገም፤ ድምፅዋን ሲሰማ ግን ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነገር አስደነገጠኝ፦ እስካሁን ስንጠራው የነበረው ስም የእርሱ ስም አልነበረም፣ ጎዳና ላይ የወጣለት ስም ነው። እናቱ ትክክለኛውን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ነገረችን። የተወለደበትን ቀን ስንጠይቃት «ለጊፋታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው» አለችን፤ ዓመቱንም ከታላቅ እህቱ ዕድሜ ጋር አስልታ አወጣችው። ስለዚህ ልጃችን በዚህ ሳምንት 12 ዓመት ሆኖታል።

ለጊፋታ ከዚያው ሊስትሮና የወረዳውን ደብዳቤ ከያዘች ሠራተኛ ጋር ወደ ቦዲቲ ይሄዳል። ልደቱን እናቱ በአካባቢዋ ታስመዘግብለታለች፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ይቆይ ወይም ይመለስ የሚለውን እርሱና እናቱ ከሠራተኛዋ ጋር ሆነው ይወስናሉ። እኔ ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ካርዱ ላይ የተጻፈው የባለቤቴ ስም ተሰርዞ በቦታው የአባቱ ስም እንዲጻፍ አድርጌአለሁ።