ከምሳ ዕረፍት በኋላ የሚጠፋ፣ ትልቅ ፋይልም የማያሳልፍ የድሬዳዋ–ሐረር ቪፒኤን

ጥያቄ፦ የከዚራው
ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከሚገኘው ዋና ቢሯችንና ከሐረር ቅርንጫፋችን ያሉትን ሁለት የሊኑክስ ሰርቨሮች በዋየርጋርድ (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር፣ ማለትም ቪፒኤን፣ የሚዘረጋ ፕሮግራም) አገናኝተናል። የድሬዳዋው ቋሚ የአይፒ አድራሻ አለው፤ የሐረሩ ከ4ጂ ራውተር ጀርባ ነው። በሙቀቱ ምክንያት ቢሮውን ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ዘግተን ስንመለስ ከድሬዳዋ ሐረርን ማግኘት አይቻልም፤ ለሐረሯ ገንዘብ ያዥ ተደውሎላት ሲስተሙን ስትከፍት ግን መስመሩ ወዲያው ነፍስ ይዘራል። በዚያ ላይ ግንኙነቱ እያለና ፒንግ (መስመሩን መሞከሪያ ትንሽ ፓኬት) አንድም ሳይጎድል እየተመለሰ፣ የስቶክ ሪፖርት ስናወርድ ጥቂት ኪሎባይት ይመጣና ቀጥ ይላል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሸዋ በር
እኔም በ4ጂ ብዙ ተቸግሬአለሁ፤ ራውተሩን ቢቀይሩት ይሻላል።

መልስ፦ የለገሃሩ
ወጪው ይቆይ፤ ፒንግ ሳይጎድል ከተመለሰ ራውተሩን የምንከስበት ማስረጃ የለንም። የገንዘብ ያዧ ነገር ምክንያቱን ራሱ ይናገራል። ዋየርጋርድ የሚልከው ነገር ከሌለ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሲረዝም ከሐረር በኩል ያለው ኔትወርክ ለመልስ የከፈተውን መንገድ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱን ሊከፍት የሚችለው ከውስጥ፣ ማለትም ከሐረር የሚነሣ ፓኬት ብቻ ነው። ስለዚህ በሐረሩ ሰርቨር ላይ ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ የሚባለውን፣ መንገዱ እንዳይዘጋ በየጊዜው ባዶ ፓኬት የሚያስልከውን ቅንብር፣ 25 ሰከንድ ያድርጉት። በድሬዳዋው ላይ ብቻ ቢያስገቡት አያስተማምንም።

መልስ፦ ፈላና በር
የፋይሉ መቆም ደግሞ ከኤምቲዩ (መስመሩ ሳይቆራርጥ ከሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ይመስለኛል፤ ትንሽ ፓኬት እያለፈ ትልቁ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ከሐረር ሆነው፣ በቪፒኤኑ ውስጥ ሳይሆን ወደ ድሬዳዋው የውጭ አድራሻ፣ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ከልክለው ከ1472 ባይት እየቀነሱ ፒንግ ያድርጉ። ባለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ሲደምሩ የመስመሩን ልክ ያገኛሉ፤ ከዚያ ላይ ለዋየርጋርድ ሽፋን 60 ቀንሰው ውጤቱን በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ የዋየርጋርዱ ኤምቲዩ አድርገው ይጻፉ። ከሰርቨሮቹ ጀርባ ሌሎች ኮምፒውተሮች ካሉ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስም (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን የዳታ መጠን) ከዚያ በ40 አሳንሰው ይገድቡት።

ምላሽ፦ የከዚራው
ከልብ አመሰግናለሁ። ያለፈው ትልቁ ፓኬት 1412 ስለሆነ የመስመሩ ልክ 1440 ሆነ፤ በዚሁ መሠረት ኤምቲዩውን ከ1420 ወደ 1380፣ ኤምኤስኤሱን ወደ 1340 አወረድኩት። ሪፖርቱ ሳይቆም ወረደ። ገንዘብ ያዣችንም ከሰኞ ወዲህ አልተደወለላትም።