ዓሦቼ ከገንዳው እየዘለሉ ወጡብኝ፤ ክዳን ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። 80 ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ካዘጋጀሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ስምንት ዜብራ ዳኒዮዎችና ሁለት ጎራሚዎች አስገባሁበት። ገንዳው ክዳን የለውም፤ ውኃውም ከአፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዱን ዳኒዮ ወለሉ ላይ ሞቶ አገኘሁት፤ አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት። ትናንት ሌሊት ግን ከእንቅልፌ ተነሥቼ የክፍሉን መብራት ሳበራ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁና ሮጬ ብደርስ፣ ትንሹ ጎራሚ ከገንዳው ማስቀመጫ ጀርባ ከግድግዳው ሥር ወድቆ፣ አንድ ጎኑ አቧራ ለብሶ ሲንፈራገጥ አገኘሁት። ወደ ውኃው መለስኩት፤ እስከ አሁን በሕይወት አለ፤ ነገር ግን ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ምግብም አልነካም።

ክዳን ላሠራለት አስቤያለሁ፤ ሆኖም ገንዳውን ብከድነው አየር ያጥራቸዋል ብዬ ሠጋሁ። ደግሞስ ውኃው ጥርት ያለ ሆኖ፣ ምግብም ሳይጓደልበት፣ ዓሣ ለምን ይዘላል? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

አንደኛ መልስ

በደረሰብዎት ነገር አዝኛለሁ። ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችለው የክዳኑ ጉዳይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው፤ ይህም ኦክስጅን የሚገባው በውኃው ገጽ በኩል በመሆኑ፣ ወሳኙ ነገር የገጹ መንቀሳቀስ እንጂ የገንዳው ክፍት መሆን አይደለም። ማጣሪያው ውኃውን በሚመልስበት ጊዜ ገጹን የሚያናውጠው ከሆነና በክዳኑና በውኃው መካከል ሦስት አራት ጣት የሚያህል ቦታ ካለ፣ ክዳኑ ዓሦቹን አያፍንም። ለጎራሚዎቹማ እንዲያውም ይበጃቸዋል፤ ጎራሚ ከስንጥቡ በተጨማሪ ከገጹ በላይ ያለውን አየር እየጎረሰ የሚተነፍስበት አካል ስላለው፣ ከክዳኑ ሥር የሚጠራቀመው ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ይስማማዋል።

ለክዳኑ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ጠርዙን አስሞርደው ቢጠቀሙ ጥሩ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ እርጥበት እየሳበ በጊዜ ብዛት ስለሚጎብጥና ጠርዙ ላይ ክፍተት ስለሚፈጥር አልመክረውም። ድርብ ግድግዳ ያለው ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ግን ቀላል ነው፤ በቢላም ይቆረጣል። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መረብ በፍሬም ወጥሮ መክደንም ይቻላል፤ ነገር ግን ከመስታወት ይልቅ ብዙ ውኃ ይተንናል።

ከሁሉ አጥብቄ የማስጠነቅቅዎት የማጣሪያው ቱቦና የማሞቂያው ገመድ የሚያልፉበትን ቦታ ነው። እኔ ራሴ መላውን ገንዳ በመስታወት ከድኜ፣ በኋለኛው ጥግ ለቱቦው ስል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ትቼ ነበር። ሮፕፊሽ የሚባለው እንደ እባብ የረዘመ ዓሣዬ ያንኑ ቀዳዳ አግኝቶ ወጣ። በሳንባም የሚተነፍስ ዓሣ ስለሆነና ቆዳው ገና ስላልደረቀ ብቻ ተረፈ፤ የእርስዎ ዳኒዮዎች ይህ ዕድል የላቸውም። ስለዚህ የማጣሪያ ስፖንጅ በክፍተቱ ልክ ይቁረጡ፤ መካከሉን ሰንጥቀው በቱቦው ዙሪያ ይጠቅጥቁት። የዓሣው ጭንቅላት የሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ዓሣው የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው ብለው ይቁጠሩት።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ክዳን ዓሣው እንዳይወጣ ያግደዋል እንጂ ለመውጣት የገፋፋውን ነገር አያስወግድለትም። በጥያቄዎ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው «ሦስት ሳምንት» በሚለው ላይ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪበዙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያው ከዓሦቹ የሚወጣው አሞኒያ በውኃው ውስጥ ይከማቻል፤ ቀጥሎም አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ሲለውጥ ይኸኛው ደግሞ ይከማቻል። አሞኒያ ስንጥባቸውን ያቃጥላል። ናይትራይት ወደ ደማቸው ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ ውኃው ኦክስጅን ሞልቶት እያለ ዓሣው ይታፈናል። ሁለቱም ቀለም የላቸውም፤ የውኃው ጥራት ለዓይን ማማሩ ስለዚህ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም። በተፈጥሮው ደግሞ ያለበት ውኃ የከፋበት ዓሣ በመዝለል ወደ ሌላ ውኃ ሊሻገር ይችላል፤ ከገንዳው ውጭ ያለው ወለል መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እባክዎ ዛሬ በጠብታ መመርመሪያ ሁለቱንም ይለኩና ውጤቱን ከሙቀቱ ጋር ይንገሩን።

ጠያቂ

ለካሁ። አሞኒያው 0.5፣ ናይትራይቱ 1 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ሙቀቱ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኗል። ምን ላድርግ?

ሁለተኛ መላሽ

ሁለቱም 0 መሆን ነበረባቸው፤ ስለዚህ አይቆዩ። ክሎሪኑ የተወገደለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ውኃ አዘጋጅተው ዛሬ ግማሹን ይቀይሩ፤ ከዚያም ሁለቱም ቁጥሮች 0 ላይ እስኪረጉ ድረስ በየቀኑ እየለኩ፣ ከፍ ባሉ ቁጥር እንደገና ይቀይሩ። ምግቡን ቀንሰው በቀን አንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ይስጧቸው፤ ያልተበላው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናልና። የማጣሪያውን ስፖንጅ በቧንቧ ውኃ እንዳያጥቡት አደራ እላለሁ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት በብዛት እሱ ላይ ነው፣ ክሎሪኑም ይገድላቸዋል። ማጠብ ካስፈለገ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ያለቅልቁት።

ማሞቂያውንም ቀስ በቀስ ወደ 25 ዲግሪ ያውርዱት። ውኃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ20 ዲግሪ 9.1 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል መያዝ የሚችለው ውኃ በ30 ዲግሪ ከ7.6 አይበልጥም። ከዚህም ሌላ የአሞኒያ መርዛማነት ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይጨምራል።

ሦስተኛ መልስ

ውኃው እንከን ባይኖረውም እንኳ በተፈጥሯቸው የሚዘሉ ዓሦች እንዳሉ መታወቅ አለበት። አሮዋና በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ነፍሳት ለመያዝ ከውኃው ወደ 2 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። ሃቼትፊሽ ከሚያድነው ለማምለጥ ከውኃው ገጽ ላይ ይነሣል፤ ኪሊፊሽም በጠባብ ቀዳዳ በመሹለክ የታወቀ ነው። ዳኒዮም ፈጣንና ገጽ አካባቢ የሚዋኝ በመሆኑ ከእነዚሁ ይመደባል።

በእርስዎ ገንዳ ግን ሁለት ተጨማሪ ምክንያቶች ይታዩኛል። አንደኛው ማሳደድ ነው። ሁለት ጎራሚዎች በአንድ ገንዳ ሲኖሩ፣ በተለይ ሁለቱም ወንድ ከሆኑ፣ ኃይለኛው ደካማውን እያሳደደ ዕረፍት ያሳጣዋል፤ የወደቀውም ትንሹ መሆኑ ይህንኑ ያስጠረጥረኛል። ትልቁ ጎራሚ ሲያልፍ ትንሹ ክንፉን አጣብቆ ወደ ጥግ የሚሸሽ መሆን አለመሆኑን ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ሁለተኛው መብራት ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ያረፈ ዓሣ ድንገት ብርሃን ሲበራበት ደንብሮ ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ እርስዎም መብራቱን ሲያበሩ ነው የዘለለው። ከገንዳው ራቅ ብሎ ደብዘዝ ያለ መብራት ሌሊቱን ቢተዉለት ድንጋጤው ይቀራል።

ውኃውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። 6 ወይም 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለቱ ይረዳል፣ ነገር ግን የደነበረ ዓሣ ያንን ያህል አይቸገርበትም። ከዚህ ይልቅ በገጹ ላይ የሚንሳፈፉ ተክሎችን ብመርጥ ይሻለኛል፤ ብርሃኑን ያለዝባሉ፣ ለሚሳደደውም መሸሸጊያ ይሆኑታል፣ የሚዘለውንም ግስጋሴ ይሰብራሉ። ጎራሚዎቹ ብቅ ብለው አየር የሚጎርሱበት ክፍት ቦታ ግን መተው አለበት።

አራተኛ መልስ

ስለወደቀው ጎራሚ ማንም ስላላነሣው ልጨምር። ዓሣ ከውኃ ሲወጣ የስንጥቡ ስስ ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ስለሚጣበቁ መተንፈሻው ይዘጋል፤ ቆዳውን የሚጠብቀው ልጋግም ይላጣል። ወደፊት ቢያጋጥምዎ በእርጥብ እጅ ያንሡት እንጂ በደረቅ ጨርቅ አይንኩት፤ አቧራውን ከመፈግፈግ ይልቅ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ሳህን ውስጥ ቀስ ብለው ያለቅልቁት። የደረቀ ቢመስልም ቶሎ ተስፋ አይቁረጡ፤ ስንጥቡ ጸጥ ብሎ የቆየ ዓሣ ከማጣሪያው ፍሰት ፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ተይዞ ክዳነ ስንጥቡን ማንቀሳቀስ ሲጀምር በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ያለውን ከትልቁ ጎራሚ በመረብ ሳጥን ለዩት፤ የተላጠው ቦታ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር መውጣቱን ለአንድ ሳምንት ይከታተሉ። ለቁስሉ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ ነው።

ጠያቂ

ከስድስት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ፖሊካርቦኔት ቆርጬ ከደንኩ፤ የቱቦውን ክፍተት በስፖንጅ ዘጋሁ። አሞኒያው ዛሬ 0፣ ናይትራይቱ 0.25 ነው፤ መቀየሩን አላቋረጥኩም። ትልቁ ጎራሚ ያሳድደው እንደነበር ቁጭ ብዬ ሳይ አረጋገጥኩ። ትንሹ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ትናንት ምግብ በላ፤ ነጭ ነገር አልወጣበትም። ከትናንት ወዲያ ማታ አንድ ዳኒዮ ክዳኑን ከሥር ሲመታው ሰማሁ። ለምግብ መስጫ በፊት ለፊቱ የቆረጥኳት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አሁንም ክፍት ናት፤ እሷንስ ምን ላድርጋት?

አንደኛ መላሽ

በዚያው ከተቆረጠው ቁራጭ ሰፋ ያለ መክደኛ ይሥሩላት፤ በአንዱ ጎን በሲሊኮን አጣብቀው እንደ ማጠፊያ ይጠቀሙበት፤ ሲሊኮኑ ለዓሣ ገንዳ የተሠራ፣ የሻጋታ መከላከያ ያልተቀላቀለበት ይሁን። እስኪደርቅ ድረስ ቁራጩን ከላይ አድርገው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ ዳኒዮ ወደ ላይ የሚወነጨፈው ምግብ በሚጠብቅበት በዚያው ቦታ ነውና ለዛሬ ሌሊትም ክፍት አይተዉት።